ባለሦስት እግሩና ፍሬኑ፦ ከኑረምበርግ እስከ ቃሊቲ የመቆም ታሪክ

(ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ የሚመጥን አይመስልም። ስለ ፍሬን ነው የምናገረው፤ በተለይም ሰው ተቀምጦ ወይም ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በራሱ ጉልበት ስለሚነዳው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ፍሬን። ይህን ርእስ የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የግል ነው፤ እዚሁ ቃሊቲ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ አንድ የአካል ጉዳተኛ ወንድማችን በእጁ በሚያሽከረክራት ብስክሌት ላይ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ስንገጥም የተማርኩት ነገር አለ። ሁለተኛው የሙያ ነው። የትራንስፖርት ታሪካችንን የምንጽፈው በመምጣትና በመሄድ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ እንላለን። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ገባ እንላለን። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ፤ ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ተነሥቶ ሥራ ጀመረ እንላለን። እነዚህ ሁሉ የመንቀሳቀስ ዓመታት ናቸው። የመቆም ታሪካችን ግን አልተጻፈም። መቆም ያልቻለው ማን ነበር? ስላልቆመስ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ቦታ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በዚህ ያልፋል፤ የደብረ ዘይት መንገድ በዚህ ይወርዳል፤ ፈጣኑ መንገድ ከዚህ ክፍለ ከተማ ጫፍ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ የሰሜን–ደቡብ ቀላል ባቡር መስመር እዚህ ያበቃል። ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁና የእጅ ጋሪው በአንድ አስፋልት ላይ የሚጋፉበት አካባቢ ነው።

አንድ ዘመን፣ ሁለት ሰዎች

ታሪኩን ከሩቅ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1655 በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ እስቴፋን ፋርፍለር የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ሰዓት ሠሪ ነበር። መራመድ አይችልም። በሰዓት ጥርሶች ላይ ያካበተውን ጥበብ ተጠቅሞ ለራሱ ባለሦስት እግር ሠረገላ ሠራ፤ በእጁ የሚያዞረው እጀታ የፊተኛውን እግር በጥርስ ያሽከረክረዋል። ሰው በራሱ ጉልበት የሚያንቀሳቅሰው የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ወንበር ይህ እንደሆነ የብዙዎች ስምምነት ነው። ብስክሌት ከመፈልሰፉ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ስለዚህ በእጅ የሚነዳው ባለሦስት እግር የብስክሌት የእንጀራ ልጅ ተደርጎ መቆጠሩ ስህተት ነው፤ በዕድሜ ታላቁ እርሱ ነው።

በእነዚያው ዓመታት በፈረንሳይ አገር ብሌዝ ፓስካል ስለ ፈሳሾች ሚዛን ይጽፍ ነበር። ጽሑፉ የታተመው ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል፤ ስለዚህ በጠባብ ቀዳዳ ላይ ያረፈ አነስተኛ ኃይል በሰፊው ቀዳዳ በኩል ትልቅ ኃይል ሆኖ ይወጣል። የሃይድሮሊክ ፍሬን መሠረተ ሐሳብ ከዚህ በላይ የለውም። በእኛ አቆጣጠር ስናስበው ዘመኑ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ የነገሡበት ዘመን ነው።

ፋርፍለርና ፓስካል ስለ መተዋወቃቸው የተጻፈ ነገር አላነበብኩም። የሁለቱ ሥራ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ እስኪገናኝ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወሰደ። ይህ መዘግየት ዛሬ የምናገረው ነገር ሁሉ ሥር ነው፤ እውቀቱ ነበረ፤ ፍላጎቱም ነበረ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን በሌሎች ሰዎች ፍላጎት በኩል ዞሮ ነው የመጣው።

መንገዱን በአጭሩ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1795 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ የፓስካልን ሕግ ወደ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ለወጠው። በ1902 ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ነገር ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያወጣው ጩኸት ጆሮ የሚሰነጥቅ ነበርና ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቀረ። በ1917 ማልኮም ሎክሂድ በዘይት ግፊት የሚሠራ የመኪና ፍሬን አስመዘገበ፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ ታየ። ዲስኩና ዘይቱ አብረው ስም ያገኙት ግን በእሽቅድምድም ነው፤ ጃጓር በዲስክ ፍሬን የታገዘ መኪናውን ይዞ በ1953 የለ ማንን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለሞተር ብስክሌት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ማጉራ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ለብስክሌት አቀረበ። ዲስኩ ወደ ተራራ ብስክሌት በስፋት የገባው በ1990ዎቹ ነው። ለተቀመጠው ሰው ባለሦስት እግር ግን አስቦ የሠራለት ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው የሚገጥመው ለሌሎች የተሠራውን ተውሶ ነው።

ይህ የትውስት ዕጣ በጋድም ብስክሌቶች ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ ነጂው ወደ ኋላ ተንጋሎ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳውን ብስክሌት ሠራ። በሐምሌ 7 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፎር በዚሁ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር መልስ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ መጣ፤ ጋድም ብስክሌት በውድድር እንዳይቆጠር ተወሰነ። የውሳኔው ውጤት ከስፖርት አልፎ ሄደ። ውድድር የሌለው ዕቃ ገበያ አያገኝም፤ ገበያ የሌለው ዕቃ ደግሞ ለእርሱ ብሎ ፍሬን የሚነድፍለት መሐንዲስ አያገኝም። ተቀምጦ የሚነዳ ሰው፣ ጤነኛም ሆነ አካል ጉዳተኛ፣ ቆሞ ለሚነዳ ሰው የተሠራ ዕቃ እያስተካከለ እንዲኖር ተፈረደበት።

የጋራዥ ቋንቋ እንደ ታሪክ ሰነድ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ፍሬን ታሪካችን የተጻፈ መጽሐፍ ባይኖርም ያልተጻፈ ሰነድ ግን አለን፤ እርሱም የመካኒኮቻችን ቋንቋ ነው። በቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን ብትቀመጡ የምትሰሟቸውን ቃላት አስቡ። ፍሬን፣ ታምቡር፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ። አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ታምቡር «ታምቡሮ» ከሚለው፣ ማለትም ከበሮ፤ ኩሽኔታ «ኩሺኔቶ» ከሚለው፤ ጎሚስታም ጎማ ከሚጠግነው ሰው የጣሊያንኛ መጠሪያ የተወሰዱ ናቸው። በወረራው አምስት ዓመታት ለጦር ሠራዊት ማመላለሻ የተቆረጡት መንገዶችና የተከፈቱት ጋራዦች የተዉልን የሙያ ቋንቋ ይህ ነው። ጠላት ተባረረ፤ የመፍቻው ቋንቋ ግን ቀረ።

ቀጥሎ ያሉትን ቃላት ደግሞ ተመልከቱ፦ ማስተር፣ ዲስክ፣ ሃይድሮሊክ። እነዚህ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ያነሰ ነው። አንድ መካኒክ «የታምቡሩ ሸራ አልቋል፤ ማስተሩም ዘይት ይተፋል» ሲል በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት የታሪክ ንብርብር ይናገራል። የታችኛው ንብርብር የከበሮ ፍሬን ዘመን ነው፤ የላይኛው የዘይት ግፊት ዘመን ነው። የመሬት ሊቃውንት የድንጋይ ንብርብር እንደሚያነቡ ሁሉ እኛም የጋራዡን ቋንቋ ማንበብ እንችላለን። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስታጡ ወደ እነዚህ ጋራዦች ሂዱ።

በዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በጋሪ ዘመን ለመቆሚያው የተለየ ዕቃ እምብዛም አልነበረም። በአቃቂም በደብረ ዘይትም ሕዝብ ያመላልስ የነበረው የፈረስ ጋሪ ማቆሚያው ልጓሙ፣ ፈረሱና የጋሪ ነጂው ድምፅ ነበር። በእጅ የሚገፋው የጭነት ጋሪ ዛሬም ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ የገፊው ተረከዝ ነው፤ አሮጌ ጎማ ከኋላ አስረው እየጎተቱ የሚያዘገዩትንም አይቻለሁ። መቆም የዕቃ ሳይሆን የሥጋ ሥራ ነበር ማለት ነው። ፍሬን ወደ አገራችን የገባው ከሞተሩ ጋር እንደ ክፍሉ ሆኖ እንጂ ራሱን ችሎ አይደለም። ስለዚህ ሞተር የሌለው ተሽከርካሪ ፍሬን አልባ ሆኖ ቢቀር አልደነቀንም።

ፍጥነት ቀድሞ፣ ፍሬን ተከትሎ

በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ በድልድዩ ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲዱ ወጣ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዓመቱ የረኃቡ ዓመት ስለነበር ኀዘኑ በሌላ ኀዘን ተሸፈነ። እኔ ግን ስለ መቆም ታሪክ በማስብበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ ጠመዝማዛ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም መሄድን ብቻ የቆጠረ ሥርዓት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያልና።

ባጃጁም እንዲሁ ነው። የባጃጅ ሥርወ ትውልዱ በጣሊያን ነው፤ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ካወጣው ባለሦስት እግር ይወለዳል፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በፒያጆ ፈቃድ መሥራት ጀምሮ በኋላ የራሱ አደረገው። ወደ ከተሞቻችን በብዛት የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ሲሆን በብዙ ቦታ የፈረስ ጋሪውን ተክቷል። ባጃጅ በእግር ፔዳል የሚታዘዝ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ የታምቡር ፍሬን አለው። ይህ ማለት በኢትዮጵያ የፓስካል ሕግ ከባለሦስት እግር ጋር በስፋት የተገናኘው በባጃጅ ነው። ሾፌሮቹ ግን ፍሬኑን የሚያውቁት ዘይቱ ሲያልቅ ነው። አንድ እግር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለው ተሽከርካሪ በጠመዝማዛ ላይ አጥብቆ ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከፊት ደግሞ የሚቀበለው አንድ እግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰያፍ ይገለበጣል። ጥሩ ፍሬን ብቻውን አያድንም፤ ከመታጠፍ በፊት መያዝ እንጂ በመታጠፍ ላይ እንዳይያዝ መማር ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ምሳሌ ከአጠገባችን ልውሰድ። ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር 41 ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት እንደቆሙ በይፋ ሲነገር ሰምተናል። ከዚህ የምንማረው አንድ ማሽን የአንድ ቀን ግዢ አለመሆኑን ነው። በተለይ ፍሬን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሸራው ያልቃል፣ ዘይቱ ያረጃል፣ ጎሚኒው ይደርቃል። ፍሬን የገዛ ሰው መለዋወጫን ለዘለዓለም የገዛ ሰው ነው። በዚሁ በአቃቂ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተቋቋመው ይህን ተገንዝበው የነበሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሐሳቡ ማሽኑን ከውጭ ብናመጣ እንኳ የሚያልቀውን ክፍል እዚህ እንሥራ የሚል ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው።

ቁልቁለቱና ልጁ

አሁን ወደ ጋራዡ ልውሰዳችሁ። ያ ወንድማችን የቀድሞ ወታደር ነው፤ ዕድሜው ስልሳን አልፏል፤ የመካኒኩ ረዳቶች «ጋሼ» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው። በእጅ የምትሽከረከር ባለሦስት እግር ብስክሌቱን ያገኘው በእርዳታ ነው። የፊተኛው እግር በሰንሰለት ይነዳል፤ ሁለቱ የኋላ እግሮች ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ናቸው። የነበራት ፍሬን የፊተኛውን ቸርኬ በሁለት ጎማ የሚቆነጥጥ ባለ ካቦ ፍሬን ብቻ ነበር። በዝናብ ጊዜ ጨርሶ አይዝም። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ አንድ የጎማ ቁራጭ በመዳፉ ይዞ የኋላውን እግር ይጫናል።

ከዚህ የባሰውን የነገረኝ ግን በሁለተኛው ቀን ነው። ከቤቱ ወደ ሥራው የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ በየማለዳው የልጅ ልጁ ከኋላ ገመድ ይዞ ይወርዳል። ልጁ ተረከዙን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ገመዱን ይስባል። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። ጋሼ ይህን ሲነግረኝ የተናገረው ስለ ፍሬን አልነበረም፤ «ልጁ እየከሳብኝ ነው፤ ትምህርቱም ወደ ኋላ ቀረ» ነው ያለኝ። እኔ ግን የሰማሁት ልጁ ፍሬን መሆኑን ነው።

ይህን ሸክም በቁጥር ላስቀምጥ። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ዕቃው በአንድነት 120 ኪሎ ግራም ይሁኑ። በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት 4,200 ጁል ገደማ ነው። ከፍታው 100 ሜትር የሚቀንስ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ፍሬኑ እስከ 117,600 ጁል ድረስ ሊውጥ ይገደዳል፤ ሃያ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ይህ ሙቀት ከሲሶ ሊትር በላይ ውሃ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ያፈላል፤ አንድ ጀበና ቡና ነው። ያንን ጀበና በየማለዳው ያፈላ የነበረው የአንድ ሰው መዳፍና የአንድ ልጅ ተረከዝ ነው።

መግጠሙ

የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዲስኩ የት ይግባ የሚል ነበር። ነጂው የተቀመጠው በሁለቱ የኋላ እግሮች መካከል ስለሆነ አብዛኛው ክብደት ያለው እዚያ ነው፤ ዲስኮቹንም በሁለቱ የኋላ እግሮች ላይ አደረግን። መካኒኩ የካሊፐሩን መያዣ ቆርጦ በዘንጉ ቤት ላይ በየደው። ዲስኩ ከካሊፐሩ መሐል በትክክል ካላለፈ አንደኛው ወገን ሲፋቅ ይውላልና ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀን።

ሁለተኛው ጥያቄ እጀታው የት ይሁን የሚል ነበር። በእግሩ የሚነዳ ሰው ሁለት ነጻ እጅ አለው። በእጁ የሚነዳ ሰው ግን እጁ ሞተሩም፣ መሪውም፣ ፍሬኑም ነው። እጀታውን በሚሽከረከረው መያዣ ላይ ብናስረው የዘይቱ ቧንቧ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከመቀመጫው በስተቀኝ በክፈፉ ላይ አሰርነው፤ አንድ እጅ መልቀቅ ግድ ነው፤ ስለዚህ ደግሞ አንድ እጀታ ሁለቱንም የኋላ እግሮች እኩል መያዝ አለበት። የዘይቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው የታየን። ሁለት ካቦ በአንድ እጀታ ብታስሩ አንደኛው ይለጠጣል፣ ሌላው ይቆልፋል፤ ብስክሌቱም ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ያ ወገን ቦይ ወይም ከባድ መኪና ሊሆን ይችላል። ዘይት ግን አያዳላም፤ ግፊቱ በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ነገር ግን ፓስካል የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። የማስተሩ ፒስተን 14 ሚሊ ሜትር፣ የካሊፐሩ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኃይሉ 4 እጥፍ ይሆናል፤ እጀታው ደግሞ 5 እጥፍ ቢጨምር በድምሩ 20 እጥፍ ይደርሳል። መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ካሊፐሮች በአንድ ማስተር ሲመገቡ ሸራዎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲንቀሳቀሱ እጀታው 20 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጀታው ከክፈፉ ጋር ይጋጫል። በቧንቧው ውስጥ ትንሽ አየር ከቀረ ደግሞ እጀታው እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አየሩን ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የመካኒኩ ረዳት «ያዝ… ልቀቅ» እየተባለ ከሰዓቱን ሁሉ ዋለ።

ስህተቴንም መናገር ይገባኛል። በመጀመሪያ የገጠምነው አንድ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝን ለብስክሌት የተሠራ ፍሬን ነበር። እርሱ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው፤ በጋራዡ ያለው ግን የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት 4 ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራ ጎሚኒ በሌላው ያብጣል። ይህን ለሃያ ዓመት በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ሥራው ደርሶ ሁላችንም ስንቸኩል ግን «ምንም አይደለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎሚኒዎቹ አብጠው ፒስተኖቹ አልመለስ አሉ፤ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ቀረ፤ ጋሼም ሽቅብ መውጣት አቅቶት መንገድ ላይ ሰው ገፍቶ አወጣው። ልጁ ዳግመኛ ገመዱን ያዘ። በቁልቁለት ላይ ሳይሆን በዳገት ላይ መሆኑን ሳስብ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ጋሼ አልተቆጣም። የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ከቁጣ የከበደ ነበር፦ «ዶክተር፣ እርስዎ ሲሄዱ ይህን ዘይት ከየት ነው የምገዛው?»

በሁለተኛው ሙከራ የተነሣነው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የሞተር ብስክሌት ማስተርና ካሊፐሮች ገዛን። ከበድ ይላሉ፤ መልካቸውም አያምርም። ነገር ግን የሚጠጡት ዘይት በየማደያው አለ፤ ሸራቸውና ጎሚኒያቸው በየሱቁ ይገኛል፤ የቃሊቲ መካኒክ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዶት 4 እርጥበት ስለሚስብ የመፍላት ነጥቡ ከ230 ዲግሪ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ከክረምት በኋላ እንዲቀየር በክፈፉ ላይ በቀለም ጻፍንለት። የፊተኛውን ባለ ካቦ ፍሬንም አልጣልነውም። አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲኖር፣ እንዲሁም ብስክሌቷ ስትቆም በማሰሪያ ተይዛ እንዳትንሸራተት እንደ እጅ ፍሬን አስቀረነው። የዘይት ፍሬን ለረጅም ሰዓት ተይዞ እንዲቆም አይታመንምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ ምን እንያዝ? ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ በሕጋችን ላይ ጥሩ ተጽፏል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት አዋጅ በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሕንፃ አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ዓለም አቀፉንም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል። በዚህ መንፈስ መወጣጫ እንሠራለን። ነገር ግን መወጣጫ ሁሉ መውረጃ ነው። ለሚወርደው ሰው ፍሬን ሳናስብ ተዳፋት የምንሠራ ከሆነ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሠራነው። ባለሦስት እግር ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ስንት ሰጠህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዴት ይቆማል ተብሎም እንዲጠየቅ እመክራለሁ።

ሁለተኛ፣ የተሻለ ዕቃ ማለት በመጽሐፍ የተሻለው ሳይሆን ባለቤቱ በሚኖርበት ሰፈር ሊጠገን የሚችለው ነው። ይህ የድህነት ምክር አይደለም። የዘይት ግፊቱን አልተውነውም፤ ፓስካልንም ወደ ኋላ አልመለስነውም። የመረጥነው ያው ሕግ በቃሊቲ ቋንቋ የሚናገርበትን መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ ለታሪክ ተማሪዎች። አንድ ቴክኖሎጂ በአንድ አገር ገባ የምንልበትን ዓመት ስንጽፍ እርሱ እስኪገባ ድረስ ሥራውን በሥጋው ሲሠራ የነበረው ማን እንደሆነ አብረን እንጻፍ። ከማሽኑ በፊት ሰው አለ። በፍሬኑ ቦታ ተረከዝ ነበረ፤ ተረከዙም የአንድ ልጅ ነበር።

ባለፈው ወር ወደ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ጋሼ ሸራ ሊያስቀይር መጥቶ አገኘሁት፤ ብቻውን ነው የመጣው። ልጁስ ብዬ ጠየቅሁት። «ትምህርት ቤት ነው፤ ሰዓቱ ነው እኮ» አለኝ፣ እንደማያውቅ ሰው እያየኝ።